ወሎ በኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይና የአገር ደኅንነት አመራር ታሪክ

ወሎ ዛሬ በዋናነት በአማራ ክልል በደቡብና በሰሜን ወሎ ዞኖች የሚታወቅ አካባቢ ሲሆን፣ ክፍለ ሀገር በነበረበት ዘመን ግን አሁን በአፋርና በትግራይ ክልሎች ሥር ያሉ ወረዳዎችንም ይጨምር ነበር። ከሸዋ ወደ ትግራይ የሚያልፈው መንገድ ከደጋው ወደ ቀይ ባሕር ከሚወርደው ጋር የሚገናኘው እዚሁ ነው። በዚህም ምክንያት አገሪቱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ከውጭ መንግሥታት ጋር ስትዋዋል፣ ስትጣላና ለጦርነት ስትሰናዳ ከተላለፉት ከባድ ውሳኔዎች ብዙዎቹ ከወሎ ምድር ጋር የተያያዙ ናቸው። እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ ወሎ ውሳኔ የሚሰጥበት አገር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ቦታ የተሰጠ ውሳኔ የሚያርፍበት ሆኗል ማለት ይቻላል።

በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ደብዳቤ የሚያስጽፈውም፣ መልእክተኛ የሚቀበለውም፣ ጦር የሚያዘምተውም ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ነበር። ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ሲቀር፣ ቆንስሉን ካሜሮንን፣ ኋላም ሊያስፈታ የመጣውን መልእክተኛ ራሳምን አስረው በወሎ ወደምትገኘው መቅደላ አምባ አወጧቸው። መቅደላ ግምጃ ቤት፣ ወህኒና የመጨረሻ ምሽግ ነበረች። የጄኔራል ናፒየር ጦር ደርሶ ምሽጉን የያዘውና ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን የሠዉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። የዲፕሎማሲ ቅሬታውንም የጦር ውሳኔውንም አንድ ሰው ብቻውን ሲይዝ፣ አንዱን ከሌላው ለይቶ የሚመክር ሹም አለመኖሩ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከመቅደላ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። በሌላው በኩል መሥሪያ ቤት የነበራቸው እንግሊዞችም ቢሆኑ ለደብዳቤው መልስ ሳይሰጡ መክረማቸው አይዘነጋም።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ የጠሩት ጉባኤ በአብዛኛው የሃይማኖት ጉባኤ ተብሎ ይታወሳል። የተሰጠው ውሳኔ ግን የመንግሥት ደኅንነት ጉዳይ ጭምር ነበር፤ የወሎ ባላባቶች ተጠምቀው ሹመታቸውን እንዲያጸኑ ሲደረግ ኢማም መሐመድ ዓሊም ራስ ሚካኤል ተባሉ። በሕዝቡ ላይ የወረደው ጫና ግን ብዙ ዐመፅ አስከትሏል።

ከሁሉም የሚበልጠው የውጫሌ ጉዳይ ነው። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በአምባሰል ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ምኒልክና የኢጣልያው ልዑክ ኮንት አንቶኔሊ 20 አንቀጾች ያሉትን ውል ፈረሙ። ምኒልክ ገና ዘውድ አልጫኑም ነበር፤ ለንጉሠ ነገሥትነታቸው እውቅናና መሣሪያ ይፈልጉ ነበር። ኢጣልያ ደግሞ በሰሜን ለያዘችው ግዛት ሕጋዊ መሠረት ትሻ ነበር። በ17ኛው አንቀጽ፣ አማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ሲገልጽ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ልዩነቱ የታወቀው ምኒልክ ንግሣቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ ሲያስታውቁ በመጣው መልስ ነው፤ ከኢጣልያ በኩል ካልሆነ በቀር በቀጥታ መጻጻፍ እንደማይገባ ተነገራቸው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በአስተርጓሚው በግራዝማች ዮሴፍ ላይ ይደፈደፋል፤ ይህ ግን ነገሩን ማሳነስ ነው። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመረምር፣ ከአንድ ሰው በላይ የሆነ አካል በቤተ መንግሥቱ አለመኖሩ ነበር ጉድለቱ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ግን ዛሬም ለውጭ ጉዳይ ባለሙያ ትምህርት ይሆናል። እቴጌ ጣይቱ አንቶኔሊን በድርድሩ ላይ ፊት ለፊት ተቃወሙት፤ እሱም በ1883 ዓ.ም. ሳይስማማ ተመለሰ። ምኒልክ ወዲያው ጦር አላነሱም። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉት ለአውሮፓ መንግሥታት በጽሑፍ አስታወቁ፤ በዚህ መካከል መሣሪያ እየገዙና የውስጥ ተቀናቃኞቻቸውን እያስማሙ ጊዜ ገዙ። የክተት አዋጁ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲታወጅ የሸዋ ሠራዊት እንዲሰበሰብ የታዘዘው «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ተብሎ ነበር። ወረኢሉ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ያቋቋሟት የጦር ሰፈር ስትሆን፣ የጎተራና የስንቅ ዝግጅቷ ለሰሜን ዘመቻ መነሻ እንድትሆን አስችሏታል። ራስ ሚካኤልም የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ተከተሉ። የውጫሌው ውል ከየካቲት 23ቱ የዐድዋ ድል በኋላ፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል ተሻረ።

ሚኒስቴር የሚባለው አሠራር የመጣው በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ነው። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ንግድንና የውጭ ጉዳይን አጣምረው ያዙ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። የራስ ሚካኤል ልጅ የሆነው ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ሲይዝ ግን የውጭ ፖሊሲው አቅጣጫ ከሚኒስትሮቹ እጅ ወጥቶ ወደ እሱ ዞረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለቱርክና ለጀርመን ማዘንበሉ እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ኢጣልያን አስቆጣ፤ የነሱ ተቃውሞም የሸዋ መኳንንት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን እንዲያወርዱት ካገዙት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ የተባሉት አባቱ ከወሎ ጦራቸውን ይዘው ቢወርዱም ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ለደሴ ይህ የቤተሰብ ሽንፈት ብቻ አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ ጋር የሚፎካከር የፖለቲካ ማእከልነቷም አብሮ አከተመ።

ደሴ የአገር አመራር ማእከል የሆነችበት የመጨረሻው ጊዜ 1928 ዓ.ም. ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ የጦር ሰፈራቸውን በዚያ አድርገው ሳለ፣ ኅዳር 26 ቀን የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ ከሚጽፈው ክፍል ጋር ጦሩን የሚያዘው ክፍል በአንድ ሰፈር ተቀምጦ መሥራቱ ያኔ አበቃ። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ጠላት ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን ያዘ፤ ክርክሩም በሰኔ ወደ ጄኔቫ ተሻገረ።

ከነጻነት በኋላ አመራሩ ሙሉ በሙሉ በአዲስ አበባ ተጠቃለለ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1965 ዓ.ም. 10ኛ ዓመቱን በመዲናይቱ ሲያከብር በወሎ ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ነበር፤ መንግሥት ግን የአገር ገጽታ ይጎድፋል በሚል ሸሸገው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ረሃቡን ለዓለም ሲያሳይ የጎደፈው ገጽታ ብቻ አልነበረም፤ ዙፋኑም ተናጋ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ጉዳይና የአገር ደኅንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ ዋናው አደጋ ድህነትና የውስጥ ችግር ነው ብሎ ሲነሳ፣ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አልነገረውም።

አሁን ባለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የውጭ ፖሊሲና የመከላከያ ሥልጣን በአንቀጽ 51 የፌዴራል መንግሥት ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፖሊሲውን ይነድፋል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው፣ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤትም በአዋጅ ቁጥር 257/1994 ተቋቁሟል። ክልል በራሱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ የሚችለው ለተፈጥሮ አደጋ ወይም ለወረርሽኝ ብቻ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች በተያዙ ሰሞን፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ አገር አቀፍ አዋጁ የታወጀው በዚህ ሥርዓት ነበር። ልክ በዓመቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተደረሰውን ስምምነት ለፌዴራል መንግሥት የፈረሙት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይሆኑ በወቅቱ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የደኅንነት አማካሪ የነበሩት ሬድዋን ሁሴን ናቸው፤ አሸማጋዩ የአፍሪካ ኅብረት ቢሆንም መንግሥት ጉዳዩን የውስጥ አድርጎ እንደያዘው ይህ ያመለክታል።

የውጭ ግንኙነት በየቀኑ የሚታይበት መልክ ደግሞ ሌላ ነው። ከ1990ው የኤርትራ ጦርነት ወዲህ በባቲ ወደ አሰብ የሚወርደው የጭነት መንገድ ተዘግቶ ንግዱ ወደ ጅቡቲ ዞሯል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስታስወጣ ጉዳቱ ከደረሰባቸው መካከል ነው። ልጆቹን ወደ ዐረብ አገር ለላከ ቤተሰብ ግን የውጭ ጉዳይ ማለት በሪያድ ያለው ኤምባሲና በጅዳ ያለው ቆንስላ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት የተጣለው የሥራ ጉዞ እገዳ በሕጋዊ መንገድ የሚሄዱትን አስቀረ፤ በጅቡቲና በየመን በኩል የሚሻገሩትን ግን አላቆመም። እገዳው የተነሳው ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ከተቀባይ አገሮች ጋር የሁለትዮሽ የሥራ ስምምነት መፈራረም ከተጀመረ በኋላ ነው።