በፕሮጀክት መማር ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ነገር አየሁ። አንድ ትምህርት ቤት "በፕሮጀክት እናስተምራለን" ብሎ በካርቶንና በኮላ የተሠሩ የልብ ሞዴሎችን ፎቶ ለጥፏል። ሞዴሎቹ ያምራሉ። ግን ልጆቹ ስለ ልብ የተማሩትም የተፈተኑትም ካርቶኑ ከመገዛቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የእጅ ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማታ ተቀምጦ የሚጨርሰው ወላጅ ነው።

በዶሮ ወጥ ላስረዳ። እንቁላሉ የሚገባው ወጡ ሊወጣ ሲል ነው። ቢቀርም ወጡ ወጥ ነው። አብዛኛው "ፕሮጀክት" የሚባለው እንቁላሉ ነው። በፕሮጀክት መማር፣ ማለትም አንድ እውነተኛ ጥያቄ ለመመለስ ሲሠሩ ትምህርቱን እዚያው መማር፣ ሽንኩርቱ ነው። ከመጀመሪያው ይጣዳል፤ በርበሬውም ቅቤውም ሥጋውም ሰዓቱን ጠብቆ እሱ ላይ ይገባል። ሽንኩርቱ እንዳያርር ውኃ ጠብ እያደረገ አጠገቡ የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል፤ እሱ መምህሩ ነው። በደንብ ያልተቁላላ ሽንኩርት ደግሞ በኋላ ምን ቢጨመርበት አይስተካከልም።

የሰባተኛ ክፍል ሒሳብን እንውሰድ። ጥያቄው ይህ ይሁን፦ የሚያንጠባጥቡት የግቢያችን ቧንቧዎች በወር ስንት ሊትር ያፈሳሉ? ማስጠገኑስ ያዋጣል? ልጆቹ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከቧንቧው ሥር ደቅነው ሰዓት ይይዛሉ። በ20 ደቂቃ ሞላ እንበል። በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል፣ በቀን 36 ሊትር ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሌላው ቡድን ከሰዓት ያንኑ ቧንቧ ለክቶ 26 ደቂቃ አገኘ፤ የውኃው ግፊት ቀንሷል። ታዲያ የቱን እንያዝ? መምህሯ ጠመኔ አንስታ አማካይን የምታስተምረው ያኔ ነው። መጨረሻ ላይ ስሌቱ ለወላጅ ኮሚቴ ይቀርባል። ቁጥሩ ከተሳሳተ የሚጠይቅ ሰው አለ። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ዊልያም ኪልፓትሪክ በ1918 እ.ኤ.አ. ስለ ፕሮጀክት ዘዴ ሲጽፍ ዋናው ነገር ብሎ የያዘው ልጁ ከልቡ የያዘውን ዓላማ ነበር።

አንድ አስተያየት ሰጪ ግን "ይሄ ዘዴ መምህሩ ዝም ብሎ ልጆቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት መተው ነው" ብሎ ጻፈ። አይደለም ወንድሜ! ጠመኔ ያነሳችው መምህሯ ናት እኮ። ልጆችን እንዲሁ መተው አያስተምርም። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ከርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ በ2006 እ.ኤ.አ. አጥብቀው የተቹት ምሪት የጎደለውን ማስተማር ነው። ጀማሪ ተማሪ ያለ በቂ ምሪት ብዙ አዲስ ነገር በአንዴ ሲመጣበት አእምሮው መያዝ ያቅተዋል። በዚህ እኔም እስማማለሁ። እንዲያውም ፊደል ማስቆጠርን በፕሮጀክት ልሥራው የሚል መምህር ቢያማክረኝ ተው ነው የምለው። ፊደል በቀጥታ ይቆጠራል።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። 60 ልጅ ባለበት ክፍልም ይሠራል፤ ግን ቡድኑ ከአምስት አይብለጥ። ማርኩንም ሁሉ ለቡድን አትስጡ። አንዱ ይሠራና ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ፤ ጎበዙ ልጅ ይማረራል፣ ደካማው ደግሞ ሳይታይ ያልፋል። የእያንዳንዱን ልጅ ደብተር እዩ። ከዚያ የሌላ ቧንቧ ልኬት ስጡትና ለብቻው ያስላ።