ችቦ፣ ጅራፍና ርችት፦ የበዓል እሳት በጎንደር

ለአዲስ አበባ ልጅ የበዓል ዋዜማ ማለት ርችት ነው። እንቁጣጣሽም ሆነ ገና፣ ምሽት ላይ ከየሰፈሩ ጧ ጧ ሲል ይሰማል። ሚሊኒየሙ የገባበት የ2000 ዓ.ም. ሌሊት የከተማዋ ሰማይ እንዴት እንዳበራ ዛሬም ይወራል። ለሥራ ወይም ለትምህርት ጎንደር የገባ እንግዳ ታዲያ የመጀመሪያው በዓል ግራ ያጋባዋል። እሳቱ ሞልቷል። ጧ የሚለው ግን ያን ያህል የለም።

የበዓል እሳቱ የሚጀምረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ነሐሴ 13 በቡሄ ነው። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ሙልሙል ይሰጣቸዋል። ማታ ችቦ ይበራል። ነገሩ ወደ ታቦር ተራራ ይወስደናል። ክርስቶስ ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ ሌሊቱ ቀን ስለመሰላቸው እረኞቹ ሜዳ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ሙልሙል ይዘው ፈለጓቸው ይባላል። ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ ያለችው ደብረ ታቦርም ስሟ የዚያው ተራራ ነው።

በቡሄ የሚጮኸው ጅራፍ ነው። የጅራፉ ድምፅ በተራራው ላይ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ። ፊዚክሱም ደስ ይላል። ጅራፉ ሲወነጨፍ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይሮጣል፤ ጧ የሚለው አየሩን ሲሰነጥቀው ነው። ባሩድ የለ፣ ክብሪት የለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የጎንደር ርችት ይኸው ጅራፍ ነው። አጥር ጥግ ቆሞ የሚለማመድ ልጅ ካያችሁ ግን ራቅ በሉ፤ ጫፉ ማንን እንደሚያገኝ አይታወቅም።

ከዚያ አዲስ ዓመት ይገባል፣ ችቦውም ተመልሶ ይመጣል። ዋናው እሳት ግን የመስቀል ደመራ ነው። ንግሥት እሌኒ መስቀሉ የተቀበረበትን ቦታ የለየችው በዕጣን ጢስ ነው የሚለው ታሪክ ነው መነሻው። እንጨቱ ይደመራል፣ አደይ አበባ ይታሰርበታል፣ ካህናቱ ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። የሚለኮስበት ሰዓት ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዳንዱ መስከረም 16 ሲመሽ ያነደዋል፣ አንዳንዱ 17 ሊነጋጋ ሲል። እንግዳ ሰው ቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ አለዚያ ሰው አመድ ሲቀባ ይደርሳል። ምሰሶው ወደየት እንደወደቀ አይቶ ስለ ዓመቱ የሚተነብይ ሽማግሌም አይጠፋም። «የእሳት ልጅ አመድ» የሚለው ተረት ደመራ ላይ አይሠራም፤ አመዱ በመስቀል ቅርጽ ግንባር ላይ ይደረጋል። በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

ርችትስ? ከቻይና የመጣ ጥበብ ነው። ሆዱ ባሩድ ነው፤ ባሩድ ደግሞ ፖታስየም ናይትሬት፣ ድኝና ከሰል ነው። ቀይ የሚያበራው ስትሮንቲየም፣ አረንጓዴ የሚያበራው ባሪየም፣ ሰማያዊ የሚያበራው መዳብ ነው። ትልቁ የሰማይ ርችት ባለሙያ ይፈልጋል። ትንሹን ማንም ይተኩሰዋል፤ ችግሩም እሱ ነው።

መጀመሪያ ጎንደር በከረምኩበት ዓመት ለእንቁጣጣሽ ጥቂት ርችት ከአዲስ አበባ ይዤ ሄጄ ነበር። ማታ አንዷን ግቢ ውስጥ ለኮስኳት። አከራዬ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ወጡ። «ኧረ ልጄ ምን ነካህ! ተኩስ መስሎን ልባችን ወጣ እኮ!» አሉኝ። ጎረቤቱም በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ነበር። «እትዬ ይቅርታ፣ ለበዓሉ ብዬ ነው» ብዬ ቀሪዎቹን ወደ ሻንጣ መለስኩ።

እሳቸው እውነት አላቸው። ከተማዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በኮረብታ ተከባ የተቀመጠች ናት። አንድ ጧ ያለ ነገር ገደል ማሚቶው ተቀብሎ ያዞረዋል፤ ከየት እንደመጣ መለየት ይቸግራል። በዚህ አገር ደግሞ ለሠርግም ለደስታም ጥይት መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ የሰው ጆሮ ርችት ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ጠመንጃ ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ከተነሳው ጦርነት ወዲህ ይህ ጆሮ ይበልጥ ነቅቷል። በአገሪቱ ከተሞችም በዓል ሲቃረብ ፖሊስ ርችት እንዳይተኮስ የሚያሳስብበት ጊዜ ብዙ ነው። ዘንድሮ ምን እንደተባለ ሳያጣሩ መለኮስ ጣጣ ያመጣል።

የእሳት ፍርሃቱም ታሪክ አለው። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለዋል። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ደገሙት። ከዚያኛው ቃጠሎ የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን አባረረ ይባላል። ጣሪያው ላይ በተሳሉት የመላእክት ፊቶች የታወቀው ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። እዚያ አካባቢ ርችት የሚተኩስ ሰው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ልብ የለውም።

የመንግሥት በዓላትም ጎንደር ላይ ሌላ መልክ አላቸው። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 አዲስ አበባ የገቡበት። ጎንደር ግን ያን ቀን ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ቁልቋልበር ላይ ከባድ ውጊያ ተደርጎ የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ እጅ የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ስድስት ወር ከምናምን ዘግይቶ። አዲስ አበባ ነፃነቷን ስታከብር እዚህ የሚሰማው ባሩድ የእውነት ነበር።

የዓመቱን ትልቅ በዓል ያየ ሰው ደግሞ ርችት ጨርሶ አይናፍቀውም። ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ፤ ገንዳው ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ ተሞልቶ ይጠብቃል። ሌሊቱን ሕዝቡ ጧፍና ሻማ ይዞ በዙሪያው ያድራል፣ ብርሃኑም ውኃው ላይ ይታያል። ሲነጋ ጥር 11 ነው። ጳጳሱ ውኃውን ሲባርኩ ወጣቱ ከዳር እስከ ዳር ዘሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ከየትኛውም ርችት ይበልጣል።

የኔዎቹ ርችቶች ሻንጣ ውስጥ እንደተቀመጡ ክረምቱ አለፈባቸው። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ አንዷን ሞከርኳት። እርጥበት ገብቷት ከሸፈች።