«ከየትም ብገዛ ብር ያው ብር ነው»፦ ስለ ከተማችን ንግድ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ከተከፈተ ወዲህ አንድ ወሬ ይደጋገማል። «ትልልቆቹ ይምጡ፤ የሰፈር ሱቅ ምን ፈየደልን?» ይባላል። የትልልቆቹ መምጣት በራሱ ክፉ ነው አልልም። ግን ባለቤቱ እዚሁ የሚኖር ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ ልብስ ስፌት ወይም እንጨት ሥራ ለደብረ ማርቆስ፣ ለፍኖተ ሰላም ወይም ለእንጅባራ የሚሠራውን ሳናይ ነው የምንፈርደው። በብዛት የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ልያቸው።

«ከየትም ብገዛ ብር ያው ብር ነው»

ለገዢው ኪስ ያው ነው። ለከተማው ግን አይደለም።

ደብረ ማርቆስ ላይ ቁም ሳጥን አሠራችሁ እንበል። ባለሙያው ከከፈላችሁት ላይ ለጣውላ ሻጩ ይከፍላል። አብረውት ለሚሠሩት ልጆች ይከፍላል። የቤት ኪራይም አለበት። ልጆቹ ምሳቸውን አጠገባቸው ካለች ምግብ ቤት ይበላሉ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ጤፍ ትገዛለች፤ ጤፉ የቢቸና ወይም የደጀን ገበሬ ያመረተው ነው። ባለሙያው ከተረፈው ላይ እቁብ ይጥላል። እቁቡ ሲደርሰው ሥራውን ያሰፋል፤ ሌላ ልጅ ይቀጥራል። ያንኑ ቁም ሳጥን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው አዲስ አበባ ገዝታችሁ ብታስጭኑት፣ እዚህ የሚቀረው ከአውራጆቹ ሂሳብ ብዙም አያልፍም።

ይህን በቁጥር ለማየት የሞከሩ አሉ። በአሜሪካ ቺካጎ፣ አንደርሰንቪል በሚባል ሰፈር በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት ተሠርቶ ነበር። ባለቤታቸው የአካባቢው ሰው በሆኑ ንግድ ቤቶች ከወጣ 100 ዶላር ውስጥ 68ቱ እዚያው ከተማ ውስጥ ሲቀር፣ በየቦታው ቅርንጫፍ ካላቸው ትልልቅ ድርጅቶች ግን 43ቱ ብቻ ነበር የቀረው። ቁጥሩን እንዳለ ወደ ጎጃም ማምጣት አይቻልም፤ የኛ ገበያ ሌላ ነው። ምክንያቱ ግን እዚህም ይሠራል። የአካባቢው ባለቤት ትርፉን የሚያወጣው በሚኖርበት ከተማ ነው። ሒሳብ የሚሠራለትን፣ ታፔላ የሚጽፍለትን፣ ዕቃ የሚጠግንለትን ሰው የሚፈልገውም እዚያው ነው።

«የሰፈር ሱቅ ሁሉ እኩል ይጠቅማል»

ይህ ደግሞ ከደጋፊዎቹ በኩል የሚመጣ ስህተት ነው። ባለሱቁ የሚሸጠው ሳሙና፣ ፓስታና ብስኩት ከመርካቶ የመጣ ከሆነ፣ ከዋጋው አብዛኛው ተመልሶ ይሄዳል። እዚህ የሚቀረው የእሱ ትርፍ ነው። የቡሬን በርበሬ፣ የአዊን ድንች፣ የአካባቢውን ማርና ቅቤ የሚሸጥ ግን ገንዘቡን እስከ ገበሬው ድረስ ያደርሳል። ስለዚህ የባለቤቱን አድራሻ ብቻ ማየት አይበቃም። ዕቃውን ከማን ይገዛል? ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

«የሰፈር ሱቅ ውድ ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። በጅምላ የሚያመጣ ትልቅ ነጋዴ በርካሽ መሸጥ ይችላል፤ ይህን መካድ ማንንም አይጠቅምም። ግን ሂሳቡን ሙሉውን እንሥራው። ለአንድ ሊትር ዘይት የባጃጅ ከፍሎ መሄድ ዋጋ አለው። በሩብ ኪሎ፣ በአንድ ፍሬ መግዛት መቻልም ዋጋ አለው። ከሁሉ በላይ ዱቤ አለ። ደመወዝ ሲዘገይ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ባንክ ቤት ያለ ገንዘብ አልወጣ ሲል፣ «ጋሼ፣ ጻፍብኝ» ሲባል ደብተሩን የሚያወጣው የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። ያለ ወለድና ያለ መያዣ ያበድራል። የሚያምነን ስለሚያውቀን ነው።

«ግብሩ ያው ለመንግሥት ነው»

የትኛው መንግሥት? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት፣ በክልሉ ውስጥ ከሚነግዱ ግለሰብ ነጋዴዎች ግብር የሚሰበስበው ክልሉ ነው። የኩባንያዎች የትርፍ ግብር ግን በአንቀጽ 98 የፌዴራልና የክልል የጋራ ነው። መምህሩና የጤና ጣቢያው ነርስ ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከክልሉ በጀት ነው። ይህ የሚሆነው ታዲያ ሽያጩ ሲመዘገብ ነው። ደረሰኝ እንጠይቅ።

«የአካባቢ ነጋዴ ማለት የአካባቢያችን ተወላጅ ማለት ነው»

አይደለም! ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምናገረው። ከሌላ አካባቢ መጥቶ ባሕር ዳር ላይ ሱቅ የከፈተ፣ ልጆቹን እዚያ የሚያስተምር፣ እድር የገባ ሰው የአካባቢው ነጋዴ ነው። እዚህ ተወልዶ አዲስ አበባ የሚኖርና ትርፉን እዚያ ፎቅ የሚሠራበት ሰው ግን በዚህ ሂሳብ ከሩቅ ባለሀብት አይለይም። የትውልድ ቦታ ጥያቄ እዚህ ከገባ ነገሩ ወደ ጥላቻ ይሄዳል፤ ለኢኮኖሚውም አንዳች አይጨምርም።

«የእኛ ሰው ሥራ ጥራት የለውም»

የዚህ አባባል ሥር ጥልቅ ነው። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን በገዛ አገራቸው ስናዋርድ ኖረናል። «ቡዳ» ብለናቸዋል፤ አንጋባም ብለናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ እነሱም ከዚህ ንቀት አላመለጡም። የሚናቅ ሙያ ጎበዝ ልጅ አይስብም። ገንዘብም አይገባበትም። ከዚያ ሥራው ሲደክም «አላልኩም?» እንላለን።

የጥራት ችግር የለም እያልኩ አይደለም። ቀጠሮ የማያከብር ልብስ ሰፊ አለ። ባልደረቀ እንጨት የሚሠራም አለ። ግን ባለሙያው ከተማው ውስጥ ካለ ዕቃውን ይዞ ሄዶ «አስተካክልልኝ» ማለት ይቻላል። በመኪና ተጭኖ የመጣ ዕቃ ሲሰበር ለማን ይመለሳል?

ለውጥ በቶሎ ሊመጣ የሚችለው በትልልቅ ግዢዎች በኩል ይመስለኛል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርምን እንውሰድ። ሥራው በሙሉ ለአንድ የሩቅ አቅራቢ ከሚሰጥ፣ በየክፍል ደረጃው ተከፋፍሎ ለከተማው ልብስ ሰፊዎች ሊሰጥ ይችላል። አስቀድሞ አንድ ናሙና ይሰፋ፤ ወላጆችና ትምህርት ቤቱ ይዩት። ጨርቁ በጋራ በጅምላ ይገዛ። ግማሹ ክፍያ ቀድሞ ይሰጥ፤ ብዙ ሰፊዎች ትልቅ ሥራ የሚያመልጣቸው ጨርቅ መግዣ ስለሌላቸው ነውና። ቀሪው ልብሱ ልጁ ላይ ተለክቶ ሲታይ ይከፈል። ትእዛዙ በግንቦት ከተሰጠ ክረምቱን ሲሰፋ ከርሞ ለመስከረም ይደርሳል።