ገበሬ ሲሥል የኖረው የሀርለም ሰው

አድሪያን ቫን ኦስታደ ዕድሜ ልኩን ገበሬ ሲሥል የኖረ ከተሜ ነው። በ1610 በሆላንዷ ሀርለም ከተማ ተወለደ፣ በ1685 እዚያው ሞተ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ሸማኔ ነበር። ኦስታደ የሚለው ስም ደግሞ ከአይንድሆቨን ከተማ አጠገብ ያለች መንደር ስም ነው። በቅብ ሥዕሎቹ ይበልጥ ይታወቃል። እኔ ግን የብዕር ንድፎቹን እመርጣለሁ።

መጀመሪያ በጠመኔ ወይም በእርሳስ ጫር ጫር ያደርጋል። ከዚያ የላባ ብዕሩን ቀለም እየነከረ መስመሩን ያጠነክራል። ጥላውን የሚያወጣው ቀለሙን በውሃ አቅጥኖ በብሩሽ ነው።

የዚያን ዘመን ንድፎች ስናይ ብዙዎቹ ቡናማ ናቸው። ሲሠመሩ ግን ጥቁር የነበሩ ሞልተዋል። ያኔ የተለመደው ቀለም የሚሠራው ነፍሳት የኦክ ዛፍ ላይ ከሚያወጡት እባጭ፣ ከብረት ጨውና ከሙጫ ነበር። ከጊዜ ጋር ወደ ቡናማ ይለወጣል። ሲብስበት ወረቀቱን በልቶ ይበሳዋል። የኛ ብራና ጸሐፊዎች ጥላሸት ስለሚጠቀሙ ጥቁራቸው ስንት መቶ ዓመት ቆይቶም ጥቁር ነው።

በወጣትነቱ የሣላቸው ገበሬዎች ይሰክራሉ፣ ይደባደባሉ፣ ጎጆው ውስጥ ተተራምሰው ይጨፍራሉ። ፊታቸው ድንች ይመስላል። ሥዕሉን የሚገዛው ከተሜ ነው፣ እየሳቀባቸው። በ1642 አካባቢ በመዳብ ላይ ቀርጾ ያተመው የአሳማ እርድ አለ። ሌሊት ነው፣ ብርሃኑ የፋኖስ ነው። ሆላንዶች ኖቬምበርን «የእርድ ወር» ይሉት ነበር፤ ለብርዱ ወራት ሥጋ በጨው የሚያዘው ያኔ ነው። ልጆቹ ደግሞ የአሳማውን ፊኛ ነፍተው ይጫወቱበታል።

ከ1650 ወዲህ ጠቡ ይረግባል። በር ላይ ሐረግ ተጠምጥሟል፣ እናት ሕፃን ታቅፋለች፣ አንድ ቫዮሊን ተጫዋች ደጃፍ ቆሞ ይጫወታል፣ ልጆች ከበውታል። ገበሬው ጨዋ ሆነ ብዬ አላምንም። የተለወጠው የሠዓሊው ዓይን ነው።

ሲሞት ብዙ ያላለቀ ሥራ ተማሪው ኮርኔሊስ ዱሳርት እጅ ገባ። ዱሳርትም አንዳንዶቹን ራሱ ጨረሳቸው። ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ ጎንበስ ያለው ሽማግሌ የመምህሩ፣ የደፋው ባርኔጣ የተማሪው ሊሆን ይችላል።