ከ42 ስንት? የሽፍታ ነጥብ ምን ማለት ነው

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ሽፍታው ድራሹ ይጠፋል። አርቲኬሪያ የሚባለው የቆዳ ሽፍታ ጠባዩ እንዲህ ነው። ቆዳው ትንኝ የነከሰው ይመስል ያብጣል፣ ያሳክካል። አንዱ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት ሳይሞላው ይከስማል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ይወጣል። እየተመላለሰ ከ6 ሳምንት ካለፈ «ሥር የሰደደ» ይባላል። ቃሉ ያስደነግጣል እንጂ የሚናገረው ስለ ጊዜው ርዝመት ብቻ ነው።

ክብደቱ የሚለካው በ7 ቀን ነጥብ ነው። በየቀኑ ሁለት ነገር ትመዘግባላችሁ። አንዱ ብዛቱ ነው፦ በ24 ሰዓት ውስጥ ምንም ካልወጣ 0፣ ከ20 በታች 1፣ ከ20 እስከ 50 ድረስ 2፣ ከ50 በላይ ወይም ተያይዞ ሰፊ ቦታ ከያዘ 3። (ቁጭ ብሎ መቁጠር የለም፤ ግምት ይበቃል።) ሌላው ማሳከኩ ነው። እሱም ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ እንቅልፍ ከነሳችሁ 3 ነው።

በቀን ቢበዛ 6፣ በሳምንት 42 ይመጣል። ከ1 እስከ 6 በደንብ በቁጥጥር ሥር ነው፤ ከ28 ጀምሮ ከባድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 0 ሲያይ ነው። መድኃኒት እየወሰዱ 0 ማምጣት መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት እንጂ በሽታው ለቋል ማለት አይደለም።

ፎቶም አንሱ። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ብርሃኑን ከጎን አድርጉት። የከንፈርና የዓይን ቆብ እብጠት በዚህ ነጥብ አይገባም፤ ለብቻው ንገሩ። ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ነጥቡን ተዉት፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።