ስኳራቸው ድንበር ላይ ለደረሰ አረጋውያን የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ በመሀል አዲስ አበባ

የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ጡንቻ ክብደትን ተቋቁሞ እንዲሠራ የሚያደርግ ስፖርት ሲሆን፣ የደም ስኳራቸው ከፍ ቢልም ገና ወደ ስኳር ሕመም ላልተሻገሩ አረጋውያን ከእርምጃ ጎን ለጎን ይመከራል። በአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መስፈርት ምግብ ሳይቀመስ የተለካ ስኳር ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን ቅድመ ስኳር ሕመም ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ110 ስለሚጀምር፣ 105 የተለካ ሰው በአንዱ ጤነኛ፣ በሌላው ድንበር ላይ ያለ ይሆናል።

ከምግብ በኋላ ከደም የሚወጣውን ስኳር በብዛት የሚረከበው ጡንቻ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይመነምናል፤ በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ግን ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሴል የሚያስገባውን ሆርሞን) ሳይጠብቅም ስኳር ያስገባል።

በዘርፉ አብዝቶ የሚጠቀሰው በአሜሪካ በ3,234 ሰዎች ላይ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት ነው። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ወደ ስኳር ሕመም የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት በወሰዱት ላይ ቅነሳው 31 በመቶ ነበር። ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ የአኗኗር ለውጡ ውጤት 71 በመቶ ደርሷል፤ ይህ አኃዝ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ደጋግሞ ሊነገር ይገባል። እንቅስቃሴው በአመዛኙ ፈጣን እርምጃ ስለነበር ግን ውጤቱን ለክብደት ማንሳት መስጠት አይቻልም። ለተሳታፊዎቹ የጡንቻ ማጠንከሪያም ያቀረበው የፊንላንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ተመሳሳይ 58 በመቶ አሳይቷል።

በመሀል አዲስ አበባ የዚህ ልምምድ ቀዳሚ ስፍራ ያለ ጥርጥር መስቀል አደባባይ ነው። ገና ሳይነጋ ሯጮች የሚመላለሱባቸው እርከኖች፣ የእጅ ድጋፍ ይዞ በዝግታ ለሚወጣቸው አረጋዊ የገዛ ሰውነቱን ክብደት የሚያነሳባቸው መሣሪያዎች ናቸው፤ የከተማዋ ከፍታ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራልና መቸኮል አያስፈልግም። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ ጂም መክፈል ሳያሻው፣ ግድግዳ ላይ በተደገፈ ወንበር ቁጭ ብድግ ሊሠራ፣ ባለ 2 ሊትር ሀይላንድ ውኃ ሞልቶ ሊያነሳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በሳምንት 2 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲሠራ ይመክራል። ሲያነሱ ትንፋሽን መያዝ ግፊትን ስለሚጨምር በሚነሳበት ጊዜ ማውጣት ይገባል፤ ደረቱን የሚያመው ወይም ግፊቱ ያልተስተካከለ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። በጾም ወራትም ጡንቻን የሚገነባው ፕሮቲን ከሽሮ፣ ከምስርና ከባቄላ ይገኛል። በ10 ጊዜ የተጀመረው 15 ሲደርስና ሲቀል፣ በሀይላንዱ ውኃ ፋንታ አሸዋ ይሞላበታል።