ሃይድሬንጂያን በሞቃት አካባቢ ማልማት

ሃይድሬንጂያ ትልልቅ ክብ የአበባ ዘለላ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ በየግቢው በብዛት የሚታየው ባለ ሰፊ ቅጠሉ ዝርያ መገኛው የጃፓን የባሕር ዳርቻ ነው። ስሙ «ውኃ» እና «ዕቃ» ከሚሉ ሁለት የግሪክኛ ቃላት የመጣ ነው። የተሰጠውም ለፍሬው ቅርጽ ነው፤ በሞቃት አገር ለሚያለማው ሰው ግን የተክሉን ጥማት የሚናገር ይመስላል።

ተክሉን የሚጎዳው ሙቀቱ ብቻውን ሳይሆን የከሰዓት በኋላ ፀሐይና ደረቅ ሥር ሲገጣጠሙ ነው። ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ሥሩ ከሚስበው የበለጠ ውኃ በትነት ስለሚያጡ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ እንኳ ጠውልገው ቁልቁል ይንጠለጠላሉ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ማንም ሳይነካቸው ቀና ይላሉ። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቅጠሉ በጠወለገ ቁጥር ውኃ ሲያፈሱበት ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። መታየት ያለበት የማለዳው ሁኔታ ነው። ተክሉ ጠዋትም ጠውልጎ ከተገኘ፣ ወይም ጣት አምስት ሴንቲሜትር ያህል ሲሰድዱበት አፈሩ ደረቅ ከሆነ፣ በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ ዙሪያ በቀስታና በጥልቀት ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል።

ተስማሚው ቦታ የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከእኩለ ቀን በኋላ ጥላ የሚያርፍበት፣ ለምሳሌ ከቤቱ በስተምሥራቅ ያለው ጎን ነው። ቡና በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር እንደሚለማ ሁሉ፣ ከፍ ያለ ዛፍ የሚሰጠው ሳሳ ያለ ጥላም ይስማማዋል፤ ሆኖም የዛፉ ሥር ውኃውን ስለሚሻማ ርቀት መጠበቅ ይገባል። አፈሩ ብስባሽ ሊጨመርበት፣ ላዩም በቅጠል ወይም በዛፍ ቅርፊት ጉዝጓዝ ሊሸፈን ይገባል። ተከላው ከበጋው ሙቀት በፊት ሥር ለመስደድ ጊዜ እንዲያገኝ በመከር ወራት ቢሆን ይመረጣል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ዳላስና አትላንታ የሚገኙበት የአሜሪካ ደቡብ ሌላም ፈተና አለው። ባለ ሰፊ ቅጠሉ ዝርያ በአብዛኛው የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገ ግንድ ላይ ነው። የሚቀጥለው ዓመት እምቡጥ የሚፈጠረው ከአሜሪካው በጋ መጨረሻ፣ ከኦገስት ገደማ ጀምሮ ስለሆነ፣ በመከር ወይም በቅዝቃዜው ወራት የገረዘ ሰው አበባውን አብሮ ይቆርጣል። ድንገተኛ ውርጭም ይህንኑ እምቡጥ ያጠፋል፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 የዳላስ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ሞቃት ቦታን የሚቋቋም ሃይድሬንጂያ የሚፈልግ ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ፀሐይን ከሌሎቹ በተሻለ የሚችለውንና በዚያው ዓመት በበቀለ ቅርንጫፍ ላይ የሚያብበውን ፓኒኩላታ የተባለ ዝርያ ቢያስቀድም ይሻለዋል። ቅጠሉ የኦክ ዛፍን የሚመስለው ዝርያ ደግሞ የዚያው አካባቢ ተወላጅ ነው፤ አላባማ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዛቲቱ የዱር አበባ አድርጋዋለች። ድርቀትን በመጠኑ ቢችልም ውኃ የሚቋጥር አፈርን አይወድም፤ የሚያብበውም በአሮጌ ግንድ ላይ ነው።

የአበባው ቀለም የሚወሰነው ተክሉ ከአፈር በሚያገኘው አሉሚኒየም ነው። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው) ከ5.5 በታች በሆነ ኮምጣጣ አፈር አሉሚኒየሙ ስለሚሟሟ አበባው ሰማያዊ፣ ከ6.5 በላይ ሲሆን ደግሞ ሮዝ ይሆናል። አትላንታ ባለችበት በጆርጂያ ግዛት ኮምጣጣ ቀይ አፈር ሰማያዊው በቀላሉ ሲገኝ፣ ኖራ በበዛበት የዳላስ ጥቁር አፈር ግን ሮዝ ይበረታል፤ በዚያ ሰማያዊ የሚፈልግ ሰው በሳጥን ወይም በማሰሮ ኮምጣጣ አፈር ሞልቶ አሉሚኒየም ሰልፌት ቢጨምር ይቀለዋል። ይህ ግን ለነጭ አበቦች አይሠራም፦ ፓኒኩላታም ሆነ አናቤል የተባለው ነጭ ዓይነት ምንም ዓይነት አፈር ቢቀየርላቸው ሰማያዊ አይሆኑም።